ሺህ ደረጃ ወደ ቻሙንዲ፦ በደሰራ ሰሞን የማይሶር የጉዞ ማስታወሻ

ቻሙንዲ ኮረብታ በደቡብ ሕንድ፣ በካርናታካ ክልል፣ በማይሶር ከተማ ጠርዝ ላይ ብቻውን የቆመ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,060 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ሥሩ ካለው ሜዳ 300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አናቱ ላይ ቻሙንዴሽዋሪ፣ በአጭሩ ቻሙንዲ፣ የምትባለው የሂንዱ ሴት አምላክ ቤተ መቅደስ አለ። ማይሶርን የገዙት የወዴያር ነገሥታት የቤታቸው ጠባቂ አድርገው ያመልኳት ነበር፤ የከተማው ሰው ደግሞ በራሱ ቋንቋ በካንናዳ «ታዪ» ይላታል፣ እናት ማለት ነው።

ብዙ ጎብኚ በአውቶቡስ ይወጣል፣ ግንቡን ፎቶ ያነሳል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል። እንዲያ ሲሆን የሚታየው የነገሩ ግማሽ ነው። ቻሙንዲን ለማወቅ ሰው ወደ እሷ ሲወጣም፣ እሷ ወደ ሰው ስትወርድም ማየት ያስፈልጋል። ሁለቱ በአንድ ሳምንት የሚገኙት በደሰራ በዓል ነው። ደሰራ የናቫራትሪን ዘጠኝ ሌሊቶችና አሥረኛውን የድል ቀን ይይዛል። በዓሉ በጨረቃ ስለሚቆጠር ቀኑ በየዓመቱ ይዘዋወራል፤ በእኛ አቆጣጠር ግን ከመስከረምና ከጥቅምት አይወጣም። በ2025 ከመስከረም 12 እስከ 22 ነበር፤ ያን ዓመት አንድ የጨረቃ ቀን ስለተደገመ አሥሩ ቀን አሥራ አንድ ሆነ። እዚህ የተጻፉት ዓመታት የፈረንጅ፣ ሰዓቶቹ የሐበሻ ናቸው። ሕንዶች «7፡30» ብለው የሚለጥፉት የጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል መሆኑን ልብ በሉ፤ ይህን ዘንግቶ የተዘጋ በር ላይ መድረስ ቀላል ነው።

አንደኛ ቀን፦ ከቤንጋሉሩ ወደ ማይሶር

ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው በዴልሂ ወይም በሙምባይ በኩል ቤንጋሉሩ ይደርሳል። ከዚያ ማይሶር በባቡር 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እንደ ባቡሩ ዓይነት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በ2023 የተመረቀው ፈጣን መንገድ 118 ኪሎ ሜትር ነው፤ የክልሉ አውቶቡሶችም ቀኑን ሙሉ ይመላለሳሉ። የባቡር ቦታ ማስያዝ ከጉዞው 60 ቀን በፊት ይከፈታል፤ ለደሰራ ሳምንት በተከፈተበት ቀን ካልያዛችሁ አታገኙም። የሆቴል ዋጋም በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት በጣም ስለሚንር፣ ከድሉ ቀን ሦስት ቀን ቀድሞ መግባት ይሻላል። በማይሶር ዩኒቨርሲቲ የሚማር ኢትዮጵያዊ የምታውቁ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ የትኛው ሰፈር ጸጥ እንደሚል እነሱ ያውቃሉ።

የመጀመሪያው ምሽት የቤተ መንግሥቱ ነው። በደሰራ በየምሽቱ ከ1 ሰዓት ጀምሮ ወደ 100,000 የሚጠጉ አምፖሎች በአንድ ጊዜ ይበራሉ። ከበዓሉ ውጭ ይህ የሚታየው በእሑድና በሕዝብ በዓላት፣ ከአንድ ሰዓት ላነሰ ጊዜ ነው። መብራቱን አይታችሁ ቶሎ ተኙ፤ ነገ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አለ።

ሁለተኛ ቀን፦ ደረጃው

መነሻው ከኮረብታው ሥር «ፓዳ» የሚባለው ቦታ ነው፣ እግር እንደማለት። ከከተማው መሐል በኦቶ ይደረሳል። ኦቶ የምትባለው የእኛዋ ባጃጅ ናት፤ ስሟን የሰጣት የሕንድ ፋብሪካ መሆኑን እዚህ መንገድ ላይ ታዩታላችሁ። መውጣት የሚጀመረው ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። በጨለማ መጀመር አይገባም፤ ኮረብታው ደን ነው፣ ነብርም አለበት። ከረፈደ ደግሞ ድንጋዩ ይግላል።

ደረጃው 1,008 ነው ይባላል፤ በተለምዶ ሺህ ደረጃ ይሉታል። የተሠራው በ17ኛው መቶ ዘመን ሲሆን፣ ሥራው በ1659 ዙፋን ለያዘው ለዶዳ ዴቫራጃ ወዴያር ይሰጣል። ከፍታው ከደረጃ ደረጃ ይለያያል፤ አንዳንዱ ጠርዝ ከብዙ እግር የተነሣ ተሞርዷል። በደህና እርምጃ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ስለት ያለባቸው ሴቶች በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ጎንበስ እያሉ እርድና ኩምኩም የሚባለውን ቀይ ዱቄት በጣታቸው ይቀባሉ። ሺህ ጊዜ ጎንበስ ቀና ማለት ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። ስታልፏቸው በጠርዙ በኩል እለፉ፤ የተቀባውን አትርገጡ። አክብሮቱ እንዳለ ሆኖ፣ ጤዛ ያረፈበት ዱቄት ያንሸራትታል፤ በተለይ በሚወርድ ሰው ላይ።

ይዛችሁ የምትወጡት ትንሽ ይሁን። አንድ ሊትር ውኃ በብረት ጠርሙስ ያዙ፤ ኮረብታው ላይ ፕላስቲክ የተከለከለ ነው። ነጠላ ወይም ሌላ ትከሻ የሚሸፍን ልብስ፣ ካልሲ፣ ዝርዝር ሩፒ ጨምሩ። ሙዝ በእጅ አይያዝም። የደረጃው ጦጣዎች ከሰው እጅ መንጠቅ የለመዱ ናቸው፤ የስስ ከረጢት ኮሽታ ብቻ ይበቃቸዋል። የሚበላ ነገር ዚፕ ባለው ቦርሳ ውስጥ ይሁን።

ከመንገዱ ሁለት ሦስተኛው ካለቀ በኋላ ደረጃው ከአስፋልቱ ጋር ሲገናኝ ናንዲ ይቀበላችኋል፤ ሺቫ የተባለው አምላክ መጓጓዣ የሆነው በሬ። ከአንድ ቋጥኝ የተፈለፈለ ሲሆን 5 ሜትር ገደማ ከፍታና 7 ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት አለው፤ አንገቱ ላይ የደወል ማተቦች በድንጋዩ ላይ ተቀርጸውለታል። ጥቁረቱ የድንጋዩ ብቻ አይደለም፤ ለዘመናት የተቀባው ዘይትና ከሰል ነው ያጠቆረው። ጫማ አውልቃችሁ ዞራችሁ እዩት፤ ጀርባው ላይ ያለው ቅርጽ ከፊቱ አያንስም። በመኪና ናንዲ ጋ ለመድረስ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ፤ በ2021 ከከባድ ዝናብ በኋላ ይህ መንገድ በተለያየ ቦታ ተንዶ ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ነበር።

እዚህ አረፍ ስትሉ ታሪኩን ማወቅ ጥሩ ነው፤ አናት ላይ የሚታየው ሁሉ በእሱ ነው የሚፈታው። ማሂሻሱራ የጎሽ መልክ ያለው አሱራ ነበር፤ አሱራ የአማልክት ባላንጣ ማለት ነው። በብዙ ተጋድሎ ከአምላኩ ከብራህማ አንድ ቃል ኪዳን ተቀበለ፦ ወንድ እንዳይገድለው። ሴትን ከቁም ነገር አልቆጠራትም ነበርና መፍረሻው በዚያ በኩል መጣ። አማልክቱ ተሸንፈው ሲሰደዱ ከየፊታቸው የወጣው ብርሃን አንድ ላይ ገጥሞ ሴት ሆነ። ሺቫ ባለሦስት ጣት ጦሩን፣ ቪሽኑ የሚወረወር ቀለበቱን፣ የሂማላያ ተራራ አንበሳውን ሰጧት። ዘጠኝ ሌሊት ተዋግታ በአሥረኛው ቀን ጣለችው። «ማይሶር» የሚለው ስም ራሱ ከ«ማሂሹሩ»፣ የማሂሻ አገር ከሚለው የመጣ ነው። ቻሙንዳ የሚለው ስም ግን፣ በጥንቱ የሳንስክሪት ጽሑፍ፣ ቻንዳና ሙንዳ የተባሉትን ሁለት ሌሎች አሱራዎች ከመግደሏ ጋር የተያያዘ ነው። ኮረብታው ሁለቱን ታሪኮች አዋሕዷቸዋል።

ከናንዲ በኋላ የቀረው አንድ ሦስተኛ ነው። አናት ላይ ባለሰባት ፎቁ የበር ግንብ፣ ጎፑራም የሚባለው፣ ሰባት የወርቅ ጉልላቶች ተሸክሞ 40 ሜትር ገደማ ቆሟል። ያቆመው ሦስተኛው ክሪሽናራጃ ወዴያር ነው፤ በ1827 ቤተ መቅደሱን ሲያድስ። የውስጡ መሠረት ግን በጣም ይቀድማል፤ በ12ኛው መቶ ዘመን በሆይሳላ ነገሥታት እንደተጀመረ ይታመናል።

የሰልፉ ነገር ይህን ይመስላል። በሩ በተለመደው ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፣ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ክፍት ነው፤ በመካከሉ መጋረጃው ተጋርዶ ሥርዓተ እጥበትና ማልበስ ይካሄዳል። በበዓል ቀን ሰዓቱ ስለሚቀየር ከዋዜማው ጠይቁ። በጣም የተለመደው ስሕተት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ረጅም ሰልፍ መያዝ ነው፤ መጋረጃው ሲወርድ ሰልፉ ባለበት ይቆማል። ነጻው ሰልፍና የሚከፈልባቸው ፈጣን ሰልፎች አሉ። በብረት አጥሩ መሐል አንዴ ከተገባ ወደኋላ መመለስ ስለማይመች መጸዳጃ ቤት አስቀድሙ። ጫማ በማስቀመጫው ይቀራል፤ ካልሲው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ የግቢው ድንጋይ ያቃጥላል። ሂንዱ ያልሆነም ሰው መግባት ይችላል፤ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ግን ክልክል ነው።

ለመባ የሚሸጠው ሳህን ኮኮናት፣ ሙዝ፣ የቢትል ቅጠል፣ አበባ፣ የእጣን እንጨትና እርድ ከኩምኩም ጋር ይይዛል፤ ሴቶች የመስታወት አምባርና የልብስ ቁራጭም ይጨምራሉ። ቻሙንዲ ስምንት ክንድ አላት፤ በአበባና በሳሪ ስለምትሸፈን ግን የሚታየው ፊቷ ነው። በናቫራትሪ በየቀኑ ሌላ አለባበስ ትለብሳለች። ፊቷ የምትቆሙት ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሆነ አስቀድማችሁ ዓይናችሁን አሳርፉ። ካህኑ እሳቱን ሲያቀርብ እጅ ዘርግቶ ሙቀቱን ወደ ዓይን ማምጣት፣ ጸበሉን በቀኝ መዳፍ መቀበል ነው ሥርዓቱ። በግራ እጅ ምንም አይሰጥም፣ ምንም አይወሰድም። ስትወጡ በግቢው ውስጥ የሦስተኛው ክሪሽናራጃና የሦስት ሚስቶቹ ሐውልት አለ፤ ንጉሡ እጁን አጣምሮ እንደ ማንኛውም ተሳላሚ ቆሟል።

ከመሄዳችሁ በፊት አጠገቡ ያለውን የማሃባሌሽዋራ ቤተ መቅደስ አትለፉት። ዝቅ ያለና ጸጥ ያለ ነው፤ የሺቫ ነው፣ ከቻሙንዲም ቤት ይቀድማል፤ ኮረብታው ራሱ በፊት በእሱ ስም ማሃባላድሪ ይባል ነበር። ከመኪና ማቆሚያው በኩል ደግሞ በቀኝ እጁ ሰይፍ፣ በግራው እባብ የያዘ ባለብዙ ቀለም የማሂሻሱራ ሐውልት አለ። ሕዝቡ ከእናቲቱ ይልቅ ከእሱ ጋር ነው ፎቶ የሚነሳው። በከተማው ያሉ ዳሊቶች፣ በትውልድ ደረጃ ሲገፉ የኖሩ ወገኖች፣ እንዲሁም ቡድሂስቶች ማሂሻ ጭራቅ ሳይሆን ፍትሐዊ ንጉሥ ነበር ብለው «ማሂሻ ደሰራ» የሚል የራሳቸውን በዓል ለማክበር ይታገላሉ፤ በየዓመቱም ይነታረኩበታል። ያ ድምፅ ካልተሰማ የኮረብታው ታሪክ ሙሉ አይሆንም።

ምሳ ዳሶሃ በሚባለው የቤተ መቅደሱ መመገቢያ በነጻ ይቀርባል፤ የቀረበውን ሳያስተርፉ መብላት ነው። ለመውረድ 201 ቁጥር አውቶቡስ እስከ ከተማው መናኸሪያ ይወስዳል፤ በአስፋልቱ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጉልበት ያለውም ቢሆን በእግር መውረዱን ቢተው ይሻላል፤ ጉልበት የሚጎዳው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው።

ሦስተኛ ቀን፦ የመሣሪያ በዓል

ዘጠነኛው ቀን አዩዳ ፑጃ ነው። የጦር መሣሪያ የሚከበርበት ቀን የነበረው ዛሬ ሰው የሚተዳደርበት ዕቃ ሁሉ የሚከበርበት ሆኗል፦ መኪና፣ ልስን ማድረጊያ ማንኪያ፣ ወፍጮ፣ ኮምፒዩተር። አውቶቡሶች የሙዝ ተክልና አደይ አበባን በሚያስታውስ ቢጫ አበባ ያጌጣሉ፤ ከጎማ ሥር ሎሚ ይደረግና ይፈጨፈጫል። ነጭ ዱባ በኩምኩም ተሞልቶ መንገድ ላይ ይፈርሳል፤ ማታ ማታ ሞተር ሳይክሎች የሚንሸራተቱት በዚህ ነው። ሱቆች ቶሎ ይዘጋሉ፤ የሚያስፈልጋችሁን ጠዋት ግዙ። ምሽቱን በባኒማንታፕ ሜዳ የችቦ ሰልፍ ልምምድ ካለ ሂዱ፤ በድሉ ቀን ምሽት ከሚሆነው ከዋናው ይልቅ ቦታ ይገኛል።

አራተኛ ቀን፦ እናቲቱ ስትወርድ

በሕንድ ቤተ መቅደሶች ሁለት ዓይነት ምስል አለ። አንዱ ከመሠረቱ የማይነቃነቅ ነው፤ ሌላው ለዑደት የሚወጣ። የጥምቀትን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ብዙ አይገርመውም። ለዑደት የምትወጣው ቻሙንዲ በድሉ ቀን ጠዋት ከኮረብታው ተነሥታ በዘፈንና በከበሮ ወደ ቤተ መንግሥቱ ትመጣለች። ከሰዓት በኋላ አምባሪ በሚባለው 750 ኪሎ በሚመዝን በወርቅ የተለበጠ ዙፋን ላይ ተቀምጣ፣ በዝሆን ጀርባ፣ ከቤተ መንግሥቱ እስከ ባኒማንታፕ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ትጓዛለች። ሰልፉ ጃምቡ ሳቫሪ ይባላል።

ወዴያሮች ደሰራን በ1610 በሽሪራንጋፓትና ሲጀምሩት አምባሪው ላይ የሚቀመጠው ንጉሡ ነበር። በ1971 የሕንድ መንግሥት የነገሥታቱን መብት ካነሣ ወዲህ ቦታውን እሷ ይዛለች። በእኛ አስተያየት በዓሉ ከዚያ በኋላ ነው የሁሉም የሆነው። በ2025 በዓሉን ኮረብታው ላይ አበባ በትና እንድትከፍት የተጋበዘችው የኢንተርናሽናል ቡከር ተሸላሚ ሙስሊም ደራሲ ነበረች፤ ግብዣውን የተቃወሙ ሰዎች አቤቱታ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ውድቅ ተደረገ፣ እሷም ከፈተች።

ዝሆኖቹ ከበዓሉ ሁለት ወር ገደማ ቀድመው ከናጋራሆሌ ጫካ ይመጣሉ። በመጀመሪያ ባዶ ጀርባቸውን መንገዱን ይለማመዳሉ፤ ከዚያ አሸዋ በጆንያ እየተጫነ ክብደቱ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ በመጨረሻ የእንጨት አምባሪ ይጫናል። በበዓሉ ቀን 21 ጊዜ መድፍ ስለሚተኮስ ለድምፁም ያለማምዷቸዋል፤ ያልለመደ ዝሆን በመድፍ ከደነገጠ ሕዝቡ መሐል ይገባል። ከ2020 እስከ 2025 አምባሪውን የተሸከመው አቢማንዩ የተባለው ዝሆን ነው፤ በአምባሪው ተሸካሚ ግራና ቀኝ ሁለት ሴት ዝሆኖች ይሄዳሉ፣ ያረጋጉታል።

ቲኬት ያለው በቤተ መንግሥቱ ግቢ ይቀመጣል፤ የሚሸጠው በኢንተርኔት ነው፣ በደቂቃዎች ያልቃል። ቲኬት የሌለው በሳያጂ ራኦ መንገድ ዳር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሳያልፍ ቦታ ይያዝ። የዛፍ ጥላ ያለበትን ምረጡ፤ ዝሆኑ የሚደርሰው ወደ 11 ሰዓት ስለሆነ ለሰባት ሰዓት ያህል ፀሐይ ላይ መቆም አለ። ከፊቱ የየወረዳው ትዕይንት የጫኑ መኪኖችና የባሕል ቡድኖች ለረጅም ጊዜ ያልፋሉ። ስልክ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ የመገናኛ ቦታችሁን አስቀድማችሁ ተስማሙ። ዝሆኑ ካለፈ በኋላ ሕዝቡ ከኋላው ይጎርፋል፤ አደጋው ያኔ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል ግድግዳ ተጠግታችሁ ቆዩ።

ባኒማንታፕ ስሙን ያገኘው ከባኒ ዛፍ ነው። ፓንዳቫዎች የተባሉት የሕንድ ጥንታዊ ገድል አምስት ወንድማማቾች በስደታቸው መጨረሻ ዓመት መሣሪያቸውን የደበቁት በዚህ ዛፍ ላይ ነው ይባላል፤ በድሉ ቀንም አወረዱት። ሰዎች ቅጠሉን እንደ ወርቅ ይለዋወጣሉ፤ ቢሰጧችሁ በቀኝ እጅ ተቀበሉ፣ መልሳችሁም ስጡ። ዛፉ በአፋር ግጦሹን የወረረው የፕሮሶፒስ ዘመድ ነው፤ ይህኛው ግን የአገሩ ተወላጅ ነው፣ በበረሃም ከብት ይመገበዋል።

አምስተኛ ቀን፦ እኅትና ወዳጅ

ማግስቱን ከተማው ሲያርፍ፣ ከኮረብታው ሥር ወዳለችው ኡታናሃሊ ሂዱ። እዚያ ያለችው ጅዋላሙኪ ትሪፑራሱንዳሪ የቻሙንዲ እኅት ትባላለች። ራክታቢጃ የተባለ አሱራ ደሙ መሬት በነካ ቁጥር ሌላ አሱራ ይወለድ ነበር፤ እኅቲቱ ምላሷን ዘርግታ ደሙን ሁሉ ተቀበለች፣ ቻሙንዲም ጨረሰችው። ቤተ መቅደሱ ትንሽ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ከዚያ ቀጥሎ፣ ከማይሶር 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ፣ በካፒላ ወንዝ ዳር፣ ናንጃንጉድ አለ። ባለዘጠኝ ፎቅ ጎፑራም ያለው የሺቫ ቤት ነው፤ እዚህ ናንጁንዳ ይባላል፣ መርዝ የዋጠው ማለት ነው። ካህናቱ የሚነግሯችሁ ይህን ነው። የገጠር ዘፋኞች ግን በሌሊት የሚያዜሙት ሌላ አለ፦ ናንጁንዳና ቻሙንዲ ተዋደዱ፣ የናንጁንዳም ሚስት ቀናች። ኮረብታ ላይ አሱራ የገደለችው በዚህ ዜማ ውስጥ ታፈቅራለች፣ ታኮርፋለች። የገበሬው ቻሙንዲ ይህቺ ናት፤ ከድሉ ታሪክ ይልቅ ይህን የሚወድ ብዙ ነው። ስትመለሱ የናንጃንጉድን ሙዝ ቅመሱ፤ ራሳባሌ ይባላል።

ስለ አሻዳ አርቦች

በደሰራ መምጣት ያልቻለ ሰው ሁለተኛው ወቅት በአሻዳ ወር ነው፤ በእኛ አብዛኛውን ጊዜ ሰኔና ሐምሌ። በዚያ ወር አርቦች ኮረብታው ከንጋት በፊት ይሞላል፤ የግል መኪና ወደ ላይ አይፈቀድም፣ ላሊታ ማሃል ከሚባለው የቀድሞ ቤተ መንግሥት አጠገብ ካለው የሄሊኮፕተር ማረፊያ ሜዳ አውቶቡሶች ያመላልሳሉ። በዚያው ወር የቻሙንዲ የልደት በዓልም አለ፤ በወርቅ ቃሬዛ ተሸክመዋት ቤተ መቅደሱን ይዞራሉ። ክረምት ነውና ደረጃው እርጥብ ነው፤ ዣንጥላ ሰልፍ ውስጥ ስለሚያስቸግር የዝናብ ካፖርት ያዙ።

የመጨረሻው ቀን፦ ሠረገላው

ከድሉ ቀን በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት፣ ጨረቃ ወደ ሙሉነት ስትጠጋ፣ ኮረብታው ላይ ራቶትሳቫ፣ የሠረገላ በዓል፣ ይሆናል። ቀኑን ካህናቱ በኮከብ ስለሚቆርጡት የመመለሻ ቲኬት ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሠረገላው ጠዋት በተወሰነች ደቂቃ ይነሣል፤ የንጉሣዊው ቤተሰብ ገመዱን መጀመሪያ ይዘው ከዚያ ሕዝቡ ይጎትታል፣ ቤተ መቅደሱንም ይዞራል። ሕዝቡ ወደ ሠረገላው ሙዝና ሳንቲም ይወረውራል። ከጎማው ፊት ለፊት አትቁሙ፤ ገመዱ ሲላላና ሲጠብቅ ሰው ይጥላል። ከቤቶቹ ግድግዳ በኩል ሆኖ ማየት ይሻላል።

ጥቂት ቆይቶ በአንዱ ምሽት ቴፖትሳቫ አለ። ዴቪኬሬ በሚባለው የኮረብታው ኩሬ ላይ ያጌጠ ታንኳ ይንሳፈፋል፤ እናቲቱ ተሳፍራ ውኃውን ትዞራለች። ሕዝቡ በኩሬው ዙሪያ ባሉት የድንጋይ ደረጃዎች ላይ ይቀመጣል። ከመምሸቱ በፊት ቦታ ያዙ፤ ስትመጡም የመጨረሻው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ሹፌሩን ጠይቁ፤ ከዚያ በኋላ ኦቶ ማግኘት ከባድ ነው፣ በደረጃው በሌሊት መውረድም የለም።